በሂንዲና በቤንጋሊ መካከል፤ ስለ «ሕንድ ቋንቋዎች ምርመራ» አከፋፈል የቀረበ ሐተታ

በአንድ አገር ስንት ቋንቋ ይነገራል ተብሎ ሲጠየቅ መልሱን የሚሰጠው የሰዋስው ሊቅ ብቻ አይደለም። ሕዝብ ቆጣሪው፣ ዳኛውና የትምህርት ሹሙ የየራሳቸው መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ሁልጊዜ አይስማማም። ይህ አለመስማማት በጉልህ ከሚታይባቸው አገሮች አንዱ የሕንድ ሰሜንና ምሥራቅ ነው። ከዴልሂ ተነሥቶ እስከ ብራህማፑትራ ወንዝ የሚሄድ መንገደኛ ቋንቋ የተለወጠበትን ወሰን በእግሩ ሊያገኘው አይችልም፤ አንዱ መንደር የጎረቤቱን አነጋገር ይሰማል፣ ጎረቤቱም የሚቀጥለውን ይሰማል፤ ነገር ግን በመንገዱ ጫፍና ጫፍ ያሉት ሰዎች አይግባቡም። በዚህ ረጅም ሰንሰለት ላይ ሁለት ታላላቅ የጽሕፈት ቋንቋዎች ቆመዋል፤ በምዕራብ ሂንዲ፣ በምሥራቅ ቤንጋሊ። በመካከላቸውና በአጠገባቸው ያሉት ቦጅፑሪ፣ ማጋሂ፣ ማይቲሊ፣ ኦድያና አሳሚ የማን ዘመዶች ናቸው? የማንስ ቅርንጫፎች ተብለው ይቈጠራሉ? ጥያቄዎቹ አንድ ይመስላሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። የዚህ ሐተታ ነገር ሁለቱ ጥያቄዎች የተምታቱበትን ታላቅ መጽሐፍ መመርመር ነው።

መጽሐፉ ሰር ጆርጅ ግሪርሰን ያዘጋጁት «የሕንድ ቋንቋዎች ምርመራ» ነው (በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ግሪርሰን በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በቢሃር ያገለገሉ አየርላንዳዊ ሹም ነበሩ። ሥራው በ1894 ተጀምሮ ክፍሎቹ ከ1903 እስከ 1928 ታተሙ፤ ዐሥራ አንድ ቅጾች ሆኖ 179 ቋንቋዎችንና 544 የአነጋገር ዘዬዎችን ይዘረዝራል። የማድራስ ግዛት፣ የሃይደራባድና የማይሶር መንግሥታት በምርመራው አልተካተቱም። ለእያንዳንዱ አነጋገር አንድ ዓይነት ናሙና እንዲገኝ ከወንጌል የጠፋው ልጅ ምሳሌ በየአገሩ ቋንቋ እንዲተረጐም ተደረገ፤ ከዚህም ጋራ የአገሬው ተረት ወይም ወግ ተጨመረ። በስፋቱ እስከ ዛሬ የሚወዳደረው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመጽሐፉ ትልቁ በጎነት ዘመድነትን ከክብር ለይቶ በግሥ እርባታ መመርመሩ ነው። ግሪርሰን ማይቲሊን፣ ማጋሂንና ቦጅፑሪን ከሂንዲ አላስጠጉም፤ ከቤንጋሊ፣ ከአሳሚና ከኦድያ ጋራ በምሥራቅ ወገን አኖሯቸው። ምክንያቱ በጥቂት ምሳሌ ይታያል። ኃላፊውን ጊዜ ለመናገር የምሥራቅ ቋንቋዎች በግሡ ላይ የ«ለ» ድምፅ ይጨምራሉ፤ «አየሁ» ለማለት ቤንጋሊው «ዴኽላም»፣ የኦድያው ተናጋሪ «ዴኺሊ»፣ ቦጅፑሪው «ዴኽሊ» ይላል። በሂንዲ ግን ግሡ «ዴኻ» ብቻ ነው፤ ባለቤቱም «ኔ» የሚል ምልክት ይከተለዋል። ለትንቢት ምሥራቆቹ የ«በ» ድምፅ አላቸው፤ ቤንጋሊ «ዴኽቦ»፣ ማይቲሊ «ዴኸብ» ይላሉ፤ ሂንዲ ወንዱን «ዴኹንጋ»፣ ሴቲቱን «ዴኹንጊ» ያሰኛል። አማርኛ «መጣ» እና «መጣች» ብሎ እንደሚለይ ሁሉ ሂንዲም «አያ» እና «አዪ» ብሎ ይለያል፤ ለቤንጋሊ ግን ወንዱም ሴቲቱም «ኤሎ» ናቸው። እንግዲህ የጋንጅስን ወንዝ ተከትሎ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ዴልሂን እየተወ ወደ ካልካታ ሰዋስው ይገባል።

ይሁን እንጂ ለውጡ በአንድ መስመር የሚቈረጥ አይደለም። በዴልሂና በቢሃር መካከል የሚነገረው አወዲ በትንቢት «በ»ን ከምሥራቆቹ ጋራ ይካፈላል፤ በኃላፊው ጊዜ ግን «ለ» የለውም። ግሪርሰን ይህን አይተው አወዲንና ዘመዶቹን «ምሥራቅ ሂንዲ» ብለው በመካከል አቆሟቸው። መልካም አስተውሎት ነው፤ ሆኖም በስሙ ውስጥ «ሂንዲ» የሚለው ቃል በመግባቱ በመካከል የቆመው ቋንቋ በስም ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። የመጽሐፉ ድካም የሚጀምረው ከዚህ፣ ከስም አወጣጡ ነው።

ከስሞቹ ሁሉ ለክርክር የሚዳረገው «ቢሃሪ» ነው። ግሪርሰን ከ1883 እስከ 1887 ባሳተሟቸው የሰዋስው መጻሕፍት ውስጥ ይህን ስም ለማይቲሊ፣ ለማጋሂና ለቦጅፑሪ የጋራ መጠሪያ አድርገውት ነበር፤ ወደ «ምርመራው»ም ይዘውት ገቡ። በዚህ ስም ግን ቋንቋውን የሚጠራ ሕዝብ አልነበረም። ቢሃር የግዛት ስም ነው፤ ቦጅፑሪም ከግዛቱ ወሰን አልፎ በስፋት ይነገራል። ከዚህ የሚበልጠው ጉድለት ግን የሰዋስው ነው። ፕሮፌሰር ሱኒቲ ኩማር ቻተርጂ በ1926 በካልካታ ባሳተሙት «የቤንጋሊ ቋንቋ አመጣጥና እድገት» በተባለው መጽሐፍ እነዚህን ሦስቱን ለያዩአቸው፤ ቦጅፑሪን በምዕራብ ማጋዳዊ ክፍል ብቻውን፣ ማይቲሊንና ማጋሂን በመካከለኛው ክፍል፣ ቤንጋሊን፣ አሳሚንና ኦድያን በምሥራቁ ክፍል አኖሩ። በዚህ አከፋፈል «ቢሃሪ» የሚባል አንድ ግንድ አይገኝም። ስሙ ግን ከመጻሕፍት አልጠፋም፤ ሊቁ ለመመደቢያ ያህል ያወጣው ስም በጸሐፊ መዝገብ ሲገባ ሕይወት ያለው ነገር ይመስላልና።

ቻተርጂ ያፈረሱት ሌላም ግንብ አለ። ግሪርሰን የሕንድ አርያውያን ቋንቋዎችን «የውስጥ» እና «የውጭ» ብለው ከፍለው፣ ቤንጋሊንና የቢሃርን ቋንቋዎች ከሩቆቹ ከማራቲና ከሲንዲ ጋራ በውጭው ቀለበት ሰበሰቡ። ቻተርጂ የጋራ የተባሉት ምልክቶች በከፊል ጥንታውያን ሆነው የቀሩ፣ በከፊልም በየአገሩ ለየብቻቸው የበቀሉ መሆናቸውን አሳዩ። ክርክሩ ፈጽሞ አልተዘጋም፤ ፍራንክሊን ሳውዝወርዝ በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ የቀለበቱን ሐሳብ በአዲስ መልክ አንሥተውታል። ኮሊን ማሲካ በ1991 በጻፉት አጠቃላይ መጽሐፍ የልዩ ልዩ ሊቃውንትን አከፋፈሎች ጎን ለጎን አስቀምጠዋል፤ ተማሪው ከዚያ የሚማረው ቁም ነገር የዘር ሐረግ ሥዕል የሠዓሊውን ምርጫ እንደሚያሳይ ነው።

የቻተርጂም ሥራ ከነቀፋ ነፃ አይደለም። መጽሐፉ የተጻፈው ስለ ቤንጋሊ ስለ ሆነ ሌሎቹ እኅትማማች ቋንቋዎች በአብዛኛው ለቤንጋሊ ምስክር ሆነው ይቆማሉ። ይህ ዝንባሌ በግልጽ የሚታየው በ«ቻርያ» መዝሙሮች ነገር ነው። ሃራፕራሳድ ሻስትሪ እነዚህን የቡድሂስቶች መዝሙሮች በ1907 በኔፓል አግኝተው በ1916 ሲያሳትሙ በርእሱ ላይ የሺህ ዓመት ቤንጋሊ ብለው ጠሯቸው፤ ቻተርጂም የቻርያዎቹ ቋንቋ ጥንታዊ ቤንጋሊ ነው የሚለውን በሰዋስው ደገፉ። የአሳም፣ የኦዲሻና የሚቲላ ሊቃውንት ደግሞ እያንዳንዳቸው የእኛ ነው አሉ። ሁሉም ከመዝሙሮቹ ውስጥ ማስረጃ ያገኛሉ፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን ዛሬ በየስማቸው የሚጠሩት ቋንቋዎች ገና ፈጽመው አልተለያዩም ነበር። ወንድማማቾች የአያታቸውን ቤት ለአንዱ ብቻ ነው ቢሉ ክርክሩ ማብቂያ አይኖረውም።

የቪድያፓቲም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት በሚቲላ ነገሥታት ግቢ የኖረው ይህ ባለቅኔ በማይቲሊ የጻፋቸው መዝሙሮች በቤንጋል በሃይማኖተኞች አፍ እየተዘመሩ ብራጅቡሊ የሚባል ቅይጥ የቅኔ ቋንቋ እስከ ማስገኘት ደረሱ፤ ብዙዎች ባለቅኔውን ቤንጋሊ ነው እስከ ማለት ደርሰው ነበር። በኋላም የሂንዲ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ጸሐፊዎች ከሂንዲ ባለቅኔዎች ተራ አስገቡት። በሁለት ጎረቤቶች መካከል ያለ ቋንቋ ባለቅኔውን ለሁለቱም ያበድራል፤ ራሱ ግን ቅርንጫፍ ይባላል።

የጽሕፈት ሂንዲ መሠረቱ በዴልሂ አካባቢ የሚነገረው ካሪ ቦሊ ስለ ሆነ ለማይቲሊም ሆነ ለቦጅፑሪ እናት ሊሆን አይችልም። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ዓይነቱ መምታታት እንግዳ አይደለም። አማርኛ ከግዕዝ ተወለደ እየተባለ ብዙ ዘመን ተነግሯል፤ የሴም ቋንቋዎች መርማሪዎች ግን ግዕዝን የአማርኛ የቅርብ ዘመድ እንጂ እናት አያደርጉትም። የጽሕፈት ክብር እናትነትን ያስመስላል።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን «ዘዬ ነው» የሚል ፍርድ ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ትምህርት ቤት ይገባል። በአሳም የእንግሊዝ መንግሥት ከ1830ዎቹ ጀምሮ ቤንጋሊን የፍርድ ቤትና የትምህርት ቋንቋ አድርጎ ነበር፤ አሳሚ የቤንጋሊ ዘዬ ነው የሚል ክርክርም ለዚህ ድጋፍ ሆነ። የአገሩ ተወላጅ አናንዳራም ዴኪያል ፉካንና አሜሪካውያን የባፕቲስት ሚስዮናውያን ይህን በጽሑፍ ተቃወሙ፤ ሚስዮናውያኑ በ1846 «ኦሩኖዶይ» የተባለውን ወርኃዊ ጽሑፍ በአሳሚ ማሳተም ጀመሩ። አሳሚ ወደ ቦታው የተመለሰው በ1873 ነው። በኦዲሻም በ1870 አንድ የቤንጋል ሰው ኦድያ ራሱን የቻለ ቋንቋ አይደለም የሚል መጽሐፍ ጽፎ ብርቱ ክርክር አስነሣ። ኦዲሻ በ1936 የራሱ ግዛት ሆነ።

በሚቲላ ነገሩ በተቃራኒ አቅጣጫ ሄደ። ቤንጋሊን የሚመስለው ጥንታዊው የቲርሁታ ፊደል ለሂንዲው ለዴቫናጋሪ ቦታ ለቀቀ፤ ትምህርት ቤቱም የሂንዲ ሆነ። ሱባድራ ጃ በ1958 ስለ ማይቲሊ አፈጣጠር ያሳተሙት ሰፊ ጥናት ቋንቋው ራሱን የቻለ መሆኑን በዝርዝር ቢያስረዳም መዝገቡ ወዲያው አልተለወጠም። በ1991 የሕዝብ ቆጠራ ማይቲሊ በሂንዲ ሥር ተቈጠረ፤ በ2003 በሕገ መንግሥቱ ስምንተኛ ሰንጠረዥ ከገባ በኋላ ግን የ2001 ቆጠራ ውጤት ለብቻው አወጣው። በእነዚያ ዐሥር ዓመታት ከማይቲሊ ግሦች አንዱ እንኳ እርባታውን አልለወጠም። ቦጅፑሪ በዚያ ማሻሻያ አልገባም። በ2011 ቆጠራ ሂንዲ 528 ሚሊዮን ያህል ተናጋሪ ተሰጠው፤ ከነዚህ ውስጥ ቋንቋችን ራሱ «ሂንዲ» ነው ያሉት 322 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ከቀሩት መካከል ከ50 ሚሊዮን የሚበልጡ ቦጅፑሪ፣ ከ12 ሚሊዮን የሚበልጡ ማጋሂ ብለው የመለሱ ሰዎች አሉ። በዚያው ቆጠራ የቤንጋሊ ተናጋሪዎች 97 ሚሊዮን ነበሩ። እንግዲህ በሰዋስው ለቤንጋሊ የሚቀርቡ ከስድሳ ሚሊዮን በላይ ሰዎች በመዝገብ የሂንዲ ናቸው።

ሆኖም የሌላውን ወገን ክርክር መስማት ይገባል። ብዙ የቢሃር ሰዎች ሂንዲን የተቀበሉት በግዴታ ብቻ አይደለም፤ ከአገራቸው ወጥተው ሥራና ሹመት የሚያገኙበት፣ ከሩቅ ሰው የሚነጋገሩበት መንገድ ሆኖላቸዋል። ፖል ብራስ በ1974 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት የማይቲሊ ንቅናቄ በዋናነት የብራህማኖችና የካያስታዎች ጉዳይ ሆኖ ስለ ታየ ከሌላው ወገን የሰፊ ሕዝብ ድጋፍ አላገኘም። ሰው የአባቱን አነጋገር በቤቱ እየተናገረ በሌላ ቋንቋ ቢጽፍ ምርጫው የራሱ ነው። የሰዋስው ሊቅ ይህን ምርጫ ሊሽርበት አይገባም፤ ምርጫውንም የዘር ሐረግ አድርጎ መጻፍ አይገባውም።

ስለዚህ «ምርመራውን» የሚያነብ ተማሪ ሦስት ጥያቄዎችን ለይቶ ይያዝ፤ ቋንቋው ከማን ጋራ ይወለዳል? ተናጋሪው የማንን ንግግር ይሰማል? ሊጽፍበትስ የመረጠው የትኛውን ነው? ለፊተኛው ጥያቄ ግሪርሰን ከነድካማቸው ጥሩ መልስ ሰጥተዋል፤ ለሁለተኛው ናሙናዎቻቸው ጥቂት ይረዳሉ፤ ምክንያቱም የታዘዘ ትርጉም ከገበያ ንግግር ይለያል። ለሦስተኛው መልሱ ያለው በሕዝቡ ዘንድ ነው። መጽሐፉን በምዕራፎቹ አርእስት የሚያነብ ሰው የሹሙን አከፋፈል ይማራል፤ በናሙናዎቹ የሚያነብ ሰው ግን የጠፋው ልጅ በአምስትና በስድስት አፍ ወደ አባቱ ቤት ሲመለስ ይሰማል፤ የቋንቋዎቹም ዝምድና ከዚያ ይገለጥለታል።