ታሪክ ያለ ግዴታ፣ ግዴታም ያለ ታሪክ

ያገር ልጅ በትምህርት ቤት ሊማራቸው ከሚገቡት ነገሮች ሁለቱ፣ ያገሩ ታሪክና የዜግነቱ መብትና ግዴታ ናቸው። ታሪክ አባቶቹ ምን እንደ ሠሩ ይነግረዋል፤ የዜግነት ትምህርትም እርሱ በተራው ምን ሊሠራ እንደሚገባው ያሳየዋል። ሁለቱ እንደ ነፍስና እንደ ሥጋ ተዋሕደው ሊሰጡ ሲገባ በመጻሕፍቶቻችን ተለያይተው ስለ ተገኙ፣ ነገሩን መመርመር የሚጠቅም መስሎናል።

የአቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ «የኢትዮጵያ ታሪክ ከአፄ ቴዎድሮስ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» የተባለው መጽሐፍ ለብዙ ዘመን የተማሪ ቤት መማሪያ ሆኖ አገልግሏል። ምስጋናው ብዙ ነው፤ በገዳምና በቤተ መንግሥት ተወስኖ የነበረውን ታሪክ ተማሪ በሚያስተውለው ቀላል አማርኛ አቅርቦ፣ ዘመንን በዘመን አከታትሎ አስቀምጧል። ነገር ግን ርእሱ ራሱ እንደሚመሰክረው ዘመኑ የተከፈለው በነገሥታት ስም ነው። ይህን ብቻ የተማረ ልጅ፣ አራሹና ነጋዴው፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ አገሪቱን በምን እንዳቆሙ ሳይጠይቅ ሊያልፍ ይችላል።

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የመጣው የሥነ ዜጋና የሥነ ምግባር መጽሐፍ ደግሞ ጉድለቱ በተቃራኒው ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በየዓመቱ እነዚያኑ 11 አርእስት ይደጋግም ነበር፤ እነርሱም የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር መውደድ፣ ኃላፊነት፣ ቁጠባና የመሳሰሉት ናቸው። ቃላቱ መልካሞች ናቸው፤ ሆኖም ፍትሕን የሚያስተምረው ምዕራፍ ፍትሕ የተጓደለበትን ወይም የተፈጸመበትን ዘመን ካላስታወሰ፣ ተማሪው ትርጉሙን ለፈተና ሸምድዶ ከፈተናው በኋላ ይረሳዋል። ዛሬ መጽሐፉ ተለውጦ ግብረ ገብ ለታናናሾቹ፣ የዜግነት ትምህርት ለታላላቆቹ ተለይቷል፤ ጥያቄው ግን አልተለወጠም።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉትን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን እንመልከት። የሱሉልታ ልጅ የሚያየው የእንጦጦ ተራራ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉበት ነው። በቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ውሃ አዲስ አበባን ያጠጣል፤ ኃላፊነት የሚለውን ምዕራፍ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምን አለ? በሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ፤ እኩልነትም በዚያ በዓይን ይታያል። ደግሞም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከእጅ ወደ እጅ እንዲተላለፍ ያዛል። የአካባቢው ልጅ ይህን ከአያቱ ሰምቶ ትምህርት ቤት ሲገባ በመጽሐፉ ካላገኘው፣ ወይ አያቱን ይንቃል፣ ወይ መጽሐፉን አያምንም። ሁለቱም ላገር ጉዳት ነው።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። የትርጓሜ መምህሮቻችን አንዱን ንባብ አንብበው «አንድም» እያሉ ልዩ ልዩ ትርጓሜውን ያወርዳሉ፤ ደቀ መዝሙሩም ሁሉን ሰምቶ ያመዛዝናል። ታሪክም እንዲሁ ቢሰጥ መልካም ነው። ለምሳሌ አፄ ቴዎድሮስ የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ ደከሙ፤ አንድም የቤተ ክርስቲያንን መሬት ቀንሰው ከካህናት ጋራ ተጣሉ፣ ጳጳሱን አቡነ ሰላማንም በመቅደላ አሰሩ። ይህን በአንድ ጊዜ የሰማ ተማሪ ንጉሡን ማክበርና ሥራውን መመርመር እንደማይጣሉ ይረዳል። ከዚያ በኋላ መምህሩ «ሕግ ለንጉሥም ይሠራልን?» ብሎ ቢጠይቀው፣ የዜግነት ትምህርቱ ከታሪኩ ውስጥ ይወጣል።

እኛ ካህናትም በዚህ ድርሻ አለን። ቤተ ክርስቲያን የተጣላችበትን ዘመን ከልጆች መሰወር ክብሯን አይጠብቅም፤ ነገ ከሌላ ሰምተው እንዲጠራጠሯት ያደርጋል እንጂ። ስለዚህ ታሪክንና ግዴታን አንድ አድርጎ፣ የየአገሩን ምስክር ጨምሮ የሚጽፍ ደራሲ እግዚአብሔር ያስነሣልን።