«መጠለያ» ወይስ «ቤት»? በአንድ የግንባታ ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

ለአስተያየት እጃችን ከገባ አንድ የግንባታ ቃላት ረቂቅ ውስጥ «ቅድመ ፍብርክ የተጠናከረ ኮንክሪት የመሣሪያ መጠለያ» የሚል ስያሜ ይገኛል። የሚሰየመው ነገር የስልክና የሬዲዮ መሣሪያዎችን ከዝናብ፣ ከአቧራና ከሌባ የሚጠብቅ፣ በፋብሪካ ተሠርቶ ወደ ቦታው የሚጓጓዝ ትንሽ ክፍል ነው። አዘጋጆቹ የደከሙበት መሆኑ አይካድም፤ ዳሩ ግን ስያሜው ለግንበኛውም ለመሐንዲሱም የሚያስተላልፈው መልእክት የተሳሳተ ነው።

«ፍብርክ» ከፋብሪካ የወጣ ቃል ቢሆንም ዛሬ «የተፈበረከ» ሲባል የሚታወሰን የሐሰት ወሬ ነው። «የተጠናከረ» የሚለውም በምን እንደተጠናከረ አይናገርም። ኮንክሪት ጭነትን በሚገባ ይችላል፤ መሳብን የመቋቋም ኃይሉ ግን ጭነትን ከሚችልበት አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ብረት ይገባበታል። ይህንን ሠራተኛው ከጣልያንኛው «ቼሜንቶ አርማቶ»፣ ማለትም ብረት ከታጠቀ ሲሚንቶ፣ ወስዶ «አርማታ» ብሎታል። እርግጥ ነው፣ አንዳንዶች ብረት የሌለበትንም ሙሌት አርማታ ይሉታል፤ ድንበሩን ማጽናት የመዝገበ ቃላት ሥራ ነው እንጂ ቃሉን ለመጣል ምክንያት አይሆንም።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ረቂቁ በፍቺው ላይ «ቅድመ ፍብርክ»ን «ተገጣጣሚ» ሲል ይተረጉማል። ይህ ክፍል በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ግድግዳው፣ ጣሪያውና ወለሉ ለየብቻ ተጥለው በቦታው የሚያያዙበት ነው፤ «ተገጣጣሚ» የሚባለው ይኸው ነው። ሁለተኛው የብረት መረቡ በቅርጹ ውስጥ ተዘርግቶ፣ የገመድ ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ አስቀድመው ተትተው፣ ሁሉም በአንድነት የሚፈስበትና በክሬን ተነሥቶ የሚቀመጥበት ነው። በዚህኛው የሚገጣጠም ነገር የለም። ወርዱና ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ክፍል በሩ ሳይቀነስ 11 ቶን ያህል ይመዝናል። «ተገጣጣሚ» የሚለውን አንብቦ ለየግድግዳው የሚበቃ ክሬን ያዘጋጀ ሰው ምን እንደሚገጥመው አንባቢ ይገምተው።

ለዚህኛው «ወጥ» የሚለውን እናቀርባለን፤ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከወጥ ድንጋይ የተፈለፈሉ ስንል የምንጠቀምበት ነውና። «ወጥ ቤት» ከማዕድ ቤት ጋር ይምታታል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን (እኛም ስቀንበታል)፤ ስለዚህ ቃሉ ከ«አርማታ» ፈጽሞ ሊለይ አይገባም።

«መጠለያ»ን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። የሚጠለል ሰው ወይም ከብት ነው፤ መሣሪያ ይቀመጣል። አማርኛ ዕቃ ቤት፣ ማተሚያ ቤት፣ ግምጃ ቤት ብሎ ሲያበቃ እዚህ ላይ «ቤት»ን የሚነፍግበት ምክንያት አይታየንም።

በመሆኑም አንዱ መግቢያ ለሁለት ተከፍሎ «ወጥ አርማታ የመሣሪያ ቤት» እና «ተገጣጣሚ አርማታ የመሣሪያ ቤት» ተብሎ እንዲጻፍ፣ በየፍቺው ላይም ክፍሉ በአንድነት የተጣለ ወይም በቦታው የሚያያዝ መሆኑ እንዲገለጽ አዘጋጆቹን እንጠይቃለን።