ካርታው ላይ ስማቸው የሌለ ሰዎች

ቤት የምገዛው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ አድሼ አከራያለሁ፣ አንዳንዱን መልሼ እሸጣለሁ። ደላላ ሲደውልልኝ የሚያስቀድመው ካሬውንና ለአስፋልት ያለውን ቅርበት ነው። እኔ ደግሞ «ካርታው በማን ስም ነው? ባለቤቱስ በሕይወት አሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ብዙ ገዢ የሚፈራው ፎርጅድ ካርታን ነው። ቢፈራ አይፈረድበትም፤ ግን ሻጩን ይዞ ክፍለ ከተማ ሄዶ ካርታውን ከማኅደሩ ጋር ማመሳከር ይቻላል። ዕዳና ዕገዳም እዚያው ይጣራል። በእኔ ልምድ ግዢን የሚያበላሸው ሌላ ነው፦ በቤቱ ላይ መብት ኖሮት ስሙ ካርታው ላይ ያልተጻፈ ሰው።

ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች ቀዳሚዋ ሚስት ናት። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት የጋራ የሆነ ቤታቸውን ያለ ሁለቱም ስምምነት እንዳይሸጡ ይከለክላል። ካርታው በባል ስም ብቻ ስለወጣ ቤቱ የግሉ አይሆንም። «ተፋተናል» የሚል ሻጭ ሲገጥመኝ የፍቺውን ወረቀት ብቻ አይቼ አልመለስም፤ ንብረቱ እንዴት እንደተከፈለ የሚያሳየውን ውሳኔ አምጣ እለዋለሁ።

የሚከብደው የውርስ ቤት ነው። አንድ ሻጭ አሜሪካ የነበሩት እናቱ የሰጡትን ውክልና ይዞ መጣ። ኤምባሲው አረጋግጦታል፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ማኅተሙን አድርጎበታል፤ ቤቱን የመሸጥ የመለወጥ ሥልጣን በግልጽ ተጽፏል። ወረቀቱ እንከን አልነበረውም። «እስቲ እማማን በስልክ ላናግራቸው» ስለው አንገቱን ደፋ። ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። ልጁ ሊያታልለኝ አልመጣም፤ ውክልና በወካዩ ሞት እንደሚቀር የነገረው ሰው አልነበረም። እንደዚያው ፈርመን ቢሆን ኖሮ ውሉ በማንኛውም ቀን ሊፈርስ ይችል ነበር።

ወራሾቹ ሁሉ ፍርድ ቤት ሄደው የወራሽነት ማስረጃ እንዲያወጡ ነገርኩት። ሐዋሳ የምትኖር እህቱ ቤቱ ሊሸጥ መሆኑን ያወቀችው ያኔ ነው። መጥታ ግቢውን አየች፣ አለቀሰች፣ ከወንድሟም ጋር ተጣላች፤ በኋላ በሽማግሌ ታርቀው ሁለቱም ለመሸጥ ተስማሙ። ወራት ፈጅቶብኛል፣ ዋጋውም ጨምሯል። ያቺ ሴት ድርሻዋን ሳታውቅ እናቷ ቤት ገብቼ ግድግዳ ማፍረስ ግን አልፈልግም ነበር። ርካሽ ቤት ፈልጌ በቤተሰብ መካከል ጠብ የምተክል ከሆነ ሥራው ይቅርብኝ።

በገንዘብ በኩል ጥብቅ ነኝ። ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፍ እንደሚመልስ ሁሉም ያውቃል፤ በዚያ ተማምኖ ካፌ ውስጥ በሦስት ምስክር ፈርሞ ሚሊዮን የሚከፍል አለ። ዳሩ ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ስለዚህ ሲፒኦ አሠርቼ ሰነዶች ማረጋገጫ እሄዳለሁ፤ ሻጭና የትዳር ጓደኛው ወይም ወራሾቹ በሙሉ ሲፈርሙ ያኔ አስረክባለሁ። ቤቱ በባንክ ብድር የተያዘ ከሆነ ሲፒኦው ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ዕዳውን ለመዝጋት በባንኩ ስም፣ ሌላው ቀሪው ለሻጩ። ስም እስኪዛወርና የመብራትና የውሃ ውዝፍ እስኪጣራ ከዋጋው ጥቂቱን አስቀራለሁ፤ ይህንንም ውሉ ውስጥ በግልጽ አስጽፈዋለሁ።