የዶን ኪሆቴ ጥፋት ፈረሱ አይደለም

«ዶን ኪሆቴ»ን መጀመሪያ ያነበብኩት ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ስቄበት ጨረስኩት። አሁን ኮድ ጽፌ አዳሪ ሆኜ፣ የተማርኩት ሁሉ በየዓመቱ ሲያረጅብኝ ደገምኩት። ሳቁ ቀነሰ።

ሰርቫንቴስ እኮ ጠመንጃን በወሬ አይደለም የሚያውቀው። በ1571 እ.ኤ.አ. ሌፓንቶ ላይ ደረቱን ተመትቷል፤ ግራ እጁም በዚያው ሽባ ሆኗል። ስለዚህ ጀግናው፣ ፈሪ ከሩቅ ተኩሶ ጎበዝን የሚጥልበትን መሣሪያ ሲራገም ፌዝ ብቻ አይሰማኝም። በ1525 ፓቪያ ላይ የሆነው ይኸው ነበር፦ የስፔን ጠመንጃ ያዦች የፈረንሳይን ብረት ለበስ ፈረሰኞች ረፈረፉ፤ ንጉሡ ፍራንሷ ቀዳማዊም ተማረከ።

ግን መጽሐፉን «ባሩድ ፈረሰኛን ገደለ» ብሎ ማንበብ አይዋጥልኝም። በ1605 ሲታተም ፈረሰኛው አልጠፋም፤ ብዙው ጦሩን ጥሎ ሽጉጥ ታጥቋል። ይሰልላል፣ ስንቅ ይቆርጣል፣ የሸሸ ያሳድዳል። በ1632 የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ሉትሰን ላይ የወደቀው ፈረሰኞቹን እየመራ ነው።

ዶን ኪሆቴ የቅድመ አያቶቹን ጥሩር ወልውሎ ሲነሳ አንድ ጥያቄ ዘለለ፦ ፈረሰኛ ዛሬ ሥራው ምንድን ነው? እኔም ብዙ ጊዜ እዘለዋለሁ።