የሞሮዊንድ አማልክት

በብዙ የምናብ ዓለም ጌሞች ውስጥ ቤተ መቅደስ ቁስል ማከሚያ ብቻ ነው፤ ተጫዋቹ ገብቶ ይድናል፣ ይወጣል። ቤተስዳ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሞሮዊንድ ግን ሃይማኖትን የታሪኩ ምሰሶ አደረገው።

በጌሙ ውስጥ አብዛኛው የደንመር ሕዝብ አልማሌክሲያ፣ ሶታ ሲል እና ቪቬክ የተባሉ ሦስት ሕያዋን አማልክትን ያመልካል። በአመዳማው ምድር የሚኖሩት ዘላኖች ደግሞ ሦስቱ ጌታቸውን ኔሬቫርን ገድለው አምላክነትን የሰረቁ ከሃዲዎች ናቸው ይላሉ። ኔሬቫር ዳግም ይወለዳል የሚለውን ትንቢት የሦስቱ አማልክት ቤተ መቅደስ አውግዞታል፤ ትንቢቱ ይፈጸምበታል የሚባለው ግን ራሱ ተጫዋቹ ነው። ከእሱ በፊት ትንቢቱን ለመፈጸም የሞከሩት ሁሉ ሳይሳካላቸው ሞተዋል።

በጌሙ ውስጥ እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ የዝምታ ጉዞ የሚባለው ተልእኮ ነው። ሳንክተስ ወደሚባለው መቅደስ የሚሄድ ተሳላሚ በመንገዱ ማንንም ማናገር አይፈቀድለትም። ጀልባ ለመሳፈር ባለጀልባውን ማነጋገር ግድ ስለሆነ፣ ተጫዋቹ ብዙውን ጊዜ በእግርና በዋና ይኳትናል። እምነት እዚህ ላይ የሚነበብ ታሪክ መሆኑ ቀርቶ የሚከፈል ዋጋ ይሆናል።

ጌሙ ኔሬቫርን ማን እንደገደለው እስከ መጨረሻው አይፈርድም። ምስክሮቹን ሰምቶ ማንን እንደሚያምን የሚወስነው ተጫዋቹ ነው፤ የገጸ ባሕርዩም ማንነት የሚቀረጸው በዚያ ውሳኔ ነው።