በራ እኮ!

«በራ እኮ ጋሼ!» አለ ልጁ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። አልዋሸም፤ በርቷል። ከቮልሷ ኋላ በስተግራ፣ ምድጃ ውስጥ እንደተረሳች ፍም ያለች ቀይ ነገር ትታያለች። ወዳጄ ሊከፍል ኪሱን ሲዳብስ እኔ ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ ዞር ብዬ አየሁ። ፍሟ የለችም። ልጁን ጠርቼ ከጎኔ አቆምኩት። ዝም አለ።

ቦታው ዲምቱ ነው። ከሶዶ ለቅሶ ልንደርስ ወርደን ልንመለስ ስንሰናዳ ነው፣ አመሻሽ ላይ፣ የኋላ መብራቱ መቃጠሉን ያወቅነው። ወዳጄ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ መኪናው በፈረንጆቹ 1965 የተሠራች ቮልስ ናት። ይህች የመኪና ዘር በአገራችን ያላየችው ነገር የለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው እሷው ናት። በፈረንጆቹ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ ስትሠራ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተው ነበር። ታዲያ ይህን ያህል እህትማማቾች ያሏት መኪና አንዲት አምፑል አጥታ ዲምቱ ላይ ቆመች ቢባል ማን ያምናል?

ምክንያቱ ቮልቱ ነው። የዚያ ዘመን ቮልሶች ኤሌክትሪካቸው 6 ቮልት ነበር። ኩባንያው ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራቸውን ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ወደ 12 ቮልት አሻገራቸው፤ የቀሩትም ቀስ በቀስ ተከተሉ። ዛሬ ሱቅ ብትገቡ የምታገኙት ለባጃጅና ለአውቶሞቢል የሚሆነውን ባለ 12፣ ለከባድ መኪና የሚሆነውን ባለ 24 ነው። ልጁም ያለውን ሰካ። ገባ፣ ገጠመ፣ በራ። ነገር ግን አምፑል በግማሽ ቮልት ሲሠራ የሚሰጠው ብርሃን ግማሽ እንዳይመስላችሁ። ክሩ በቅጡ ስለማይግል ከአሥር እጅ አንዱን እጅ ቢሰጥ ነው።

ልጁን አልወቅስም። የምወቅሰው ቃሉን ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የፈተና ወረቀታቸውን ይዘው ቢሮዬ የሚመጡ ተማሪዎች ነበሩ። «መምህር፣ አራት ገጽ ጽፌያለሁ እኮ!» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ጽፈዋል። ምን እንዳሉ ግን የሚያነበው ሰው አያውቅም። የኋላ መብራትም እንደዚያው ነው። ሾፌሩ የራሱን የኋላ መብራት አያየውም፤ አንባቢው ከኋላ የሚመጣው ነው። ሞተር ብስክሌት ላይ ሦስት ሆነው የተፈናጠጡት ናቸው፣ ቆሎ እየቆረጠመ አይሱዙ የሚነዳው ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። የፍሬኑና የኋላው መብራት ብዙ ጊዜ አንድ አምፑል ውስጥ ነው ያሉት፤ አንዱ ክር 5 ዋት፣ ሌላው 21 ዋት። በአምፑሉ ጎንና ጎን ያሉት ትናንሽ እሾሆች ከፍታቸው እኩል ያልሆነው በስህተት አይደለም፤ ተገልብጦ እንዳይገባ ነው። እኛ ዘንድ አልገባ ያለ ነገር መድኃኒቱ ሞረድ ነው። አንዷ እሾህ ትሞረድና አምፑሉ ተገልብጦ ይገባል። ከዚያ በኋላ 21 ዋቱ ሲመሽ ጀምሮ ይበራል፤ ፍሬን ሲረገጥ የምትጨመረው 5ቷ ብቻ ናት። ከኋላ የሚመጣው ሰው የፊተኛው መቆሙን የሚያውቀው ሲደርስበት ነው። መብራቱ የጠፋበትን መኪና ትራፊክ ያስቆመዋል፤ መብራቱ የሚዋሸውን ማን ያስቆመዋል?

ሌላው ፈሊጥ ኤልኢዲ ነው። ለኋላ መብራት በልኩ የተሠራ፣ ቮልቱ የተስማማ ከተገኘ አልጠላውም። የፊት መብራት ላይ ግን ነገሩ ይበላሻል። የድሮው መብራት አንጸባራቂ የተቀረጸው በልኳ ለተቀመጠች ለአንዲት ቀጭን ክር ነው። በክሯ ቦታ ሌላ ነገር ሲተከል ብርሃኑ መንገዱን ትቶ የመጪውን ሾፌር ዓይን ይመታል። ፍሬቻውም ያኮርፋል፤ የድሮው ብልጭ ድርግም ማድረጊያ የሚሠራው አምፑሉ በሚስበው ኤሌክትሪክ እየጋለ ነውና፣ ትንሽ ለሚስብ ኤልኢዲ እጁን አያነሣም። ለሠርግ አጊጠው ሰማያዊ ብርሃን እየረጩ የሚያልፉ አሮጌ መኪኖችን ስናይ እናጨበጭባለን። ከፊት ለፊት ያልመጣባቸው ሰው ያጨብጭብ።

«የአሮጌ መኪና ነገር የቅንጦት ወሬ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። እንግዲህ ብዙዎቻችን ካለን መኪና ጋር አብረን ልናረጅ ነው። ዛሬ ወዳጄን የገጠመው ነገ የኮሮላውን ባለቤት ቢገጥመው አይግረማችሁ።

ባለ 6 ቮልት አምፑል እኮ ዛሬም ይመረታል። ሶማሌ ተራ ወርዶ ለመጠየቅ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ። ዘመድ ከውጭ ሲመጣም ሽቶ ከማዘዝ አሥር አምፑል ማዘዝ ይቻላል፤ ኪሎው አይቆጠርም። ከሁሉ በፊት ግን ዝገቱ ይታይ። ከ6 ቮልት ላይ የዛገ መገናኛ አንዱን ቮልት ቢበላ ከስድስት አንድ እጅ ሄደ ማለት ነው። «ደከመ» ተብሎ የሚጣለው አምፑል ስንት ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል መሰላችሁ!

ያን ሌሊት ዲምቱ አደርን። ወዳጄ ተቀይሞኝ ነበር። «አንተ ዱሮም ሰው ማረም ትወዳለህ» ብሎኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በጠዋት ያው ልጅ መጣ። ከአንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት የፈታትን ባለ 6 ቮልት፣ ባለ ሁለት ክር አምፑል በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። መቀመጫውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ፣ እሾሆቹን አስተያይቶ ሰካ። በራ አላለም።

«ጋሼ፣ እስቲ ወደዚያ ራቅ ብለው ይዩልኝ» አለኝ። ወዳጄ ገብቶ ፍሬን ረገጠ።