ዘጠኝ ሰዓት የማን ሰዓት ነው?

ከፊቴ አንድ ወረቀት አለ። በሦስት የሚታጠፍ፣ ሰማያዊ፣ ወፈር ባለ ጥሩ ወረቀት የታተመ። ፊቱ ዕብራይስጥ፣ ጀርባው አማርኛ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ የማኅበረሰባችን ሰዎች ለስኳርና ለዓይን ምርመራ እንዲመጡ ይጋብዛል። ሲያዩት ያምራል። ስለ እርሱ የምጽፈው ግን አልሠራም ብዬ ነው፤ አልሠራም ስል ደግሞ የእኔም እጅ እንዳለበት ደብቄ አይደለም።

የቪዥዋል ኮሙኒኬሽን ተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት አራት ወር ያህል በአንድ የማኅበራዊ ዲዛይን ስቱዲዮ ስታዥ አደረግሁ። ማኅበራዊ ዲዛይን የሚባለው፣ ዲዛይነሩ ሙያውን ከሸቀጥ ሽያጭ አውጥቶ ለሕዝብ ችግር የሚያውልበት፣ መፍትሔውንም ከተጠቃሚዎቹ ጋር ሆኖ የሚፈልግበት አሠራር ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ቪክተር ፓፓኔክ በ1971 በእንግሊዝኛ ባወጣው መጽሐፉ የገዛ ሙያውን ክፉኛ ወቅሶ፣ ዲዛይነሮች የማያስፈልግ ዕቃ ማሳመር ትተው ሰዎች በእውነት ወደሚቸገሩበት እንዲሄዱ ጠይቆ ነበር። እኛ ክፍል ውስጥ ይነበባል። እኔም እርሱን አንብቤ ነው ወደ ስቱዲዮው ሮጬ የሄድሁት።

ሥራውም የሚያስሮጥ ነበር። ከኢትዮጵያ ሲመጡ ስኳር በሽታ እምብዛም ያልነበረባቸው ወላጆቻችንና አያቶቻችን እዚህ ከኖሩ በኋላ በብዛት መታመማቸውን ሐኪሞች ከጻፉ ቆይቷል። በ1998 የተመሠረተው ቴኔ ብሪኡት የተባለው ድርጅትም የተነሣው የማኅበረሰቡን የጤና ችግር በራሱ ቋንቋና ባህል ለማስረዳት ነው። በየቤታችን ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያላየ ማን አለ? ስለዚህ ደንበኛው ለስቱዲዮው «አረጋውያኑ ለምርመራ አይመጡም፣ ምን ይሻላል?» ሲል፣ ጥያቄው የእኔም ጥያቄ ነበር።

መጀመሪያ ሳድና ተደረገ። አሥራ አንድ አረጋውያን በሞዓዶኑ ተቀመጡ፣ ቢጫና ሮዝ ተለጣፊ ወረቀት ታደላቸው፣ «ወደ ጤና ጣቢያ እንዳትሄዱ የሚከለክላችሁ ምንድን ነው? ጻፉ» ተባሉ። ከአሥራ አንዱ የጻፉት ሦስት ናቸው። ሌሎቹ ወረቀቱን እያገላበጡ ተያዩ። መጻፍ አይችሉም። ያንን የሚያውቅ አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ነበረ፤ እኔ። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ ግን አዲስ ስለሆንሁ ዝም አልሁ። ከዚያ እስክሪብቶ ይዤ እየዞርሁ የሚሉትን ጻፍሁላቸው፣ እርሱንም በተሰባበረ አማርኛ።

አንድ አዛውንት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ወረቀት ተይው። ወረቀት ሲመጣ ልጆቼ እስኪመጡ ጠረጴዛ ላይ ይቆያል። ሰው ደውሎ ይንገረን፤ ወይ በሬዲዮ ይነገር።» አጠገባቸው የነበሩትም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ። ልክ ናቸው። ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ሬቃን በአማርኛ ሳያዳምጡ አይውሉም። ሐሳቡን ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁት። በስብሰባው መጨረሻ ያ ወረቀት «ለወደፊት» በሚለው ጥግ ተቀመጠ። ለምን? ውሉ ላይ የተጻፈው «የታተመ ወረቀት» ስለነበረ ነው። ምን እንደሚሠራ አረጋውያኑ ሳይመጡ ተወስኖ ነበር፤ ለእነርሱ የቀረላቸው ቀለም መምረጥ ነበር።

ሼሪ አርንስቲን በ1969 ስለ ዜጎች ተሳትፎ በጻፈችው ጽሑፍ ስምንት ደረጃ ያለው መሰላል ሠርታለች። የታችኞቹ ሁለት ደረጃዎች ተሳትፎ ተብለው አይቆጠሩም። መካከለኞቹ ሦስቱ ላይ ሰው ይነገረዋል፣ ይጠየቃል፣ ደስ እንዲለውም ይደረጋል፤ የሚወስነው ግን ሌላ ነው። ሥልጣን የሚካፈለው በላይኞቹ ሦስት ደረጃዎች ብቻ ነው። የእኛ ሳድና የት እንደነበረ ፈልጉት። ተጠይቀዋል፤ ቡናም ጠጥተዋል፤ ፎቶም ተነሥተዋል። «ወረቀት ተዉት» ሲሉ ግን ወረቀቱን ማስቆም የሚችል ሰው ከመካከላቸው አልነበረም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ለዲዛይነር ይህ ችግር ብቻ አይደለም፣ ሲሳይም ነው። አንድ ወረቀት ሁለት ሽፋን ሊኖረው ይችላል፤ የዕብራይስጡ አንባቢ ከአንድ በኩል፣ የአማርኛው አንባቢ ከሌላው በኩል ይከፍታል፣ ማንም ጀርባ አይሆንም። የእኛ ወረቀት ግን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ በዕብራይስጥ ተሠርቶ አለቀ፤ አማርኛው በመጨረሻው ሳምንት ገባ። ገጾቹ በዕብራይስጡ ቅደም ተከተል ስለተደረደሩ፣ ከግራ ጀምሮ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የመጨረሻውን አንቀጽ ነው። አማርኛው ቦታ ሲጠበው ፊደሉ አነሰ። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው አንዲት ትንሽ ጭረት መሆኗን ታውቃላችሁ። ያቺን ጭረት፣ ዓይናቸው ደክሞ ለዓይን ምርመራ የሚጠሩ ሰዎች እንዲያነቧት ሰጠናቸው።

ጌጡም አለ። በጠርዙ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጥለት፣ መሐሉ ላይ ጀበናና መሶብ። አንዲት እናት ወረቀቱን ሲያዩ «የቡና ጥሪ ነው እንዴ?» አሉ። ሁላችን ሳቅን፤ እርሳቸው ግን አልቀለዱም። ጀበናው ስለ ስኳር ምርመራ ምንም አይናገርም። የሚናገረው «ይህ ለእናንተ ነው» ብቻ ነው፤ እርሱንም የሚናገረው ለከፋዩ ነው። ፓፓኔክ ከቆርቆሮ የሠራውን ርካሽ ሬዲዮ ሳያስጌጥ እንደተወው፣ በኢንዶኔዥያ የተጠቀሙበት ሰዎችም ራሳቸው በጨርቅና በዛጎል እንዳስጌጡት ይታወቃል። እኛ በተቃራኒው ጌጡን ጨርሰን፣ የሚነገረውን ነገር አጎደልን።

ከሁሉ የከፋው ግን ሰዓቱ ነው፤ እዚህ ላይ የምከሰው ራሴን ነው። በዕብራይስጡ «09:00» ይላል። በአማርኛው «9 ሰዓት» ይላል። ከመታተሙ በፊት በኢሜይል ላኩልኝና «አማርኛው ልክ ነው ወይ? አንቺ የማኅበረሰቡ ልጅ ነሽ» አሉኝ። አነበብሁት። ሁለት የፊደል ስሕተት አረምሁ። «ልክ ነው» ብዬ መለስሁ።

የምርመራው ቀን ለስቱዲዮው ፎቶ ላነሣ ሄድሁ። ጠዋት የተወሰኑ ሰዎች መጡ፤ እነዚህ ከብዙ ዓመት ኑሮ በኋላ በእስራኤል ሰዓት የለመዱ ናቸው፣ ወይም ልጆቻቸው ያመጧቸው። ምርመራው ቀትር ካለፈ በኋላ በ13:00 አለቀ። ዕቃ ስናነሣ፣ ጠረጴዛ ስናጥፍ፣ በ15:00 ገደማ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። «አልቋል እማማ» አልኋቸው። ወረቀቱን ዘረጉልኝ። «ልጄ፣ ዘጠኝ ሰዓት ይላል እኮ። ይኸው ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

ልክ ናቸው። በአማርኛ ዘጠኝ ሰዓት ያኔ ነው። ጠዋት ማለት የፈለግነው ሦስት ሰዓት መባል ነበረበት። ለምሳ የሚሆን ነገር ሳይበሉ፣ ለደም ምርመራ ብለው ጾመው ነው የመጡት። ከእርሳቸው በኋላ ሌሎች ሁለት መጡ።

ለምን አላየሁትም? በቤታችን ሁለቱ ሰዓቶች አብረው ነው የሚኖሩት። እናቴ ከአክስቴ ጋር በስልክ ቀጠሮ ስትይዝ «በአበሻ ነው በእስራኤል?» ስትል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ግን ያንን ኢሜይል ያነበብሁት በዕብራይስጥ ዓይን ነው። ፊደሉ አማርኛ ነበረ፣ ቁጥሩን ስደርስ አእምሮዬ ራሱ ወደ ዕብራይስጥ ገለበጠው። ይህ የቋንቋ ድክመት ብቻ ቢሆን አጥንቼ እዘልለው ነበር። የከበደኝ ሌላው ነው፤ «የማኅበረሰቡ ልጅ» ስባል ደስ ብሎኝ፣ የማላውቀውን «አውቃለሁ» ብዬ ፈረምሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የተላክሁት፤ እኔም ቅርጫት ይዤ ሄድሁ።

ስቱዲዮውን ያለ ልክ መውቀስ አልፈልግም። ሰዎቹ ቅን ናቸው፤ ስሕተቱን ስነግራቸው አልተከራከሩም፣ ወረቀቱን አስተካክለው በራሳቸው ወጪ አሳተሙ። ነገር ግን ከሁለት ወር በኋላ ሥራው ለሌሎች ገንዘብ ሰጪዎች ሲቀርብ፣ ስክሪኑ ላይ የታዩት የሳድናው ፎቶዎች ናቸው። ተለጣፊ ወረቀቶቹ አሉ፣ ቡናው አለ፣ ሳቁ አለ። በር ላይ የቆሙት እናት የሉም። እኔም «እንደ ማኅበረሰቡ ልጅ ጥቂት ቃል በይ» ተብዬ ተነሣሁ፤ አመሰገንሁ፣ ተቀመጥሁ። የዚያን ቀን ያልተናገርሁትን ነው ዛሬ የምጽፈው።

ሰዎቹን በመጨረሻ ያመጣቸው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ለሁለተኛው ዙር አንዲት መጋሸር ስልክ ይዛ ተቀመጠች። አንድ በአንድ ደወለች፤ ትግርኛ ለሚናገሩት በትግርኛ። ጤናቸውን ጠየቀች፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቀች፣ ከዚያ ስለ ቶሩ ነገረቻቸው። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ሁሌም አንድ ነገር ትጠይቃለች፦ «እስኪ ይመልሱልኝ፣ መቼ ነው የሚመጡት?» እነርሱም «ማክሰኞ፣ ጠዋት፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ሦስት ሰዓት» ይላሉ። እሷም «አዎ፣ ሦስት ሰዓት» ትላለች። በቃ። ስሕተት ካለ እዚያው ይያዛል። በአራት ወር ውስጥ ያየሁት ከሁሉ የተሻለ ዲዛይን ይህ ጥያቄ ነው። የአዛውንቱን ምክርም የፈጸመው እርሱ ነው። በስቱዲዮው የሥራ ማሳያ ላይ ግን አይገኝም፤ ፎቶ አይነሣማ።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ዲዛይን ባትማሩም እንዲህ ያለ ኢሜይል ይደርሳችኋል። በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት፣ በማዘጋጃ ቤት «አንተ የማኅበረሰቡ ልጅ ነህ፣ እስኪ እየው» ይሏችኋል። እምቢ በሉ አልልም። ግን «ልክ ነው» ከማለታችሁ በፊት አንድ ቀን ጠይቁ። ያን ቀን ወረቀቱን ለአንድ አዛውንት ስጡና ዝም በሉ፤ አታስረዱ። ምን እንደተረዱ ይንገሯችሁ፣ ሰዓቱንም ጨምሮ። ለጊዜያቸው ክፍያ እንዲሰጣቸው ጠይቁ፤ የስቱዲዮው ሰው ሁሉ ይከፈለው የለ? ደግሞ ሥራው ሲጀመር ይህን ጠይቁ፦ «አረጋውያኑ አይሆንም ቢሉ ሥራው ይቆማል ወይ?» መልሱ «አይቆምም» ከሆነ፣ ቢያንስ ስማችሁን በምን ላይ እንደምታስቀምጡ አውቃችሁ ግቡ።

እኚያ እናት በሁለተኛው ዙር መጡ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ከሁሉም ቀድመው። ሲያዩኝ አወቁኝ። «ዛሬስ የማን ሰዓት ነው?» ብለው ሳቁብኝ።